ከጎሮ እስከ ጨለለቃ፦ በአንድ ቀን ወፍ ለማየት

ወፍ ለማየት ባሌ ተራራ ወይም ጋምቤላ ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ጎሮ የሚኖር ሰው ከግቢው በር ተነሥቶ፣ ወደ አቃቂና ወደ አባ ሳሙኤል ወርዶ፣ ከዚያም ቢሾፍቱ ገብቶ፣ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ጨለለቃ ሐይቅ ዳር ቆሞ ከሩሲያ የመጡ ክሬን የተባሉ ትልልቅ ወፎች ለአዳር ሲሰበሰቡ ማየት ይችላል። ይህ ሁሉ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። በኢትዮጵያ ከ860 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዓለም የትም ከማይገኙት አንዳንዶቹ ደግሞ የሚኖሩት ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ሳይሆን በእኛው ጣሪያና በእኛው ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከቤትዎ ደጃፍ ነው። የደጃፉን ክፍል ዘለው በቀጥታ ወደ ሐይቆቹ አይሂዱ።

ወቅቱን መምረጥ

ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ይምረጡ። በእነዚህ ወራት አውሮፓና ሰሜን እስያ በበረዶ ተሸፍነዋል፤ ረግረጉ ሲቀዘቅዝ ምግብ ያጡት ወፎች ወደ ደቡብ ይጎርፋሉ። አገራችን ያለችው ቀይ ባሕርንና ስምጥ ሸለቆን ይዞ በሚወርደው ታላቅ የወፎች መንገድ ላይ ነው። ክንፋቸውን ዘርግተው በሞቃት አየር የሚንሳፈፉት ትልልቆቹ ብቻ፣ ማለትም ንስሮች፣ ጭልፊቶችና ሽመላዎች፣ በዚህ መንገድ በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሆነው ያልፋሉ፤ ዝርያቸውም 37 ነው። ዳክዬውና የውሃ ዳር ወፉ ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው። ወቅቱ በአቃቂና በአድአ ጤፍ የሚታጨድበት በመሆኑም ክሬኖቹ በታጨደው ማሳ ላይ የወደቀውን እህል ሲለቅሙ ይታያሉ።

ክረምቱን አልመክርም። ጥቁሩ አፈር መኪናም ሰውም ይይዛል፤ የሩቅ እንግዶቹም አገራቸው ገብተዋል። መስከረም ግን የራሱ ውበት አለው። በመስከረም ቀይና ጥቁር፣ ወይም ቢጫና ጥቁር የለበሱ ትንንሽ ወንድ ወፎች በረጅም ሣርና በእህል ማሳ ላይ ሲዘሉ ያያሉ። ለመስቀል ብቅ ብለው የጠፉ የሚመስሉን እነዚህ ወፎች ብዙ ጊዜ የትም አልሄዱም፤ የመራቢያ ጊዜያቸው ሲያልፍ ላባቸውን ቀይረው እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆነው እዚያው አሉ።

ቀኑን በተመለከተ፣ እሑድ ቢሾፍቱ በመዝናኛ ፈላጊ ስለሚሞላ ከተቻለ የሥራ ቀን፣ ካልሆነም ቅዳሜ ይሁን። የኢሬቻ ሰሞን የቢሾፍቱው ሆራ ሐይቅ የምስጋና በዓል ቦታ ነው፤ በዚያን ጊዜ ለበዓሉ እንጂ ለወፍ አይሂዱ።

ምን ይያዝ

ዋናው ዕቃ ባይናኩላር ነው። ላዩ ላይ 8 በ42 የሚል የተጻፈበትን ይፈልጉ። 8 ማለት ነገሩን ስምንት ጊዜ ያቀርባል ማለት ነው፤ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው፤ ሰፊ በሆነ ቁጥር በማለዳው ጭላንጭል የተሻለ ያሳያል። 12 ወይም 16 ጊዜ ያቀርባል የሚለው ማስታወቂያ አያታልልዎት፤ ብዙ ባቀረበ ቁጥር የእጅዎን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። መግዛት ካልቻሉ ለሁለትና ለሦስት ሆናችሁ አንድ ግዙ፤ ተቀባብሎ ማየት ችግር የለውም።

ከመነሣትዎ በፊት ባለው ቀን ቤትዎ ሆነው ይለማመዱት። በመጀመሪያ የቀኝ ዓይንዎን ጨፍነው በመካከለኛው ማዞሪያ ለግራው ያስተካክሉ። ቀጥሎ ግራውን ጨፍነው በቀኙ መስታወት ዙሪያ ያለችውን ማዞሪያ እስኪጠራ ያዙሩ። ከዚያ በኋላ የቀኟን አይንኳት። ጀማሪን የሚያስቸግረው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ወፏን በዓይኑ ያያል፣ ከዚያ ባይናኩላሩን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ያጣታል። መፍትሔው ዓይንን ከወፏ ሳይነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይን ማምጣት ነው። በኤሌክትሪክ ምሰሶ ጫፍ ላይ ደጋግመው ቢሞክሩት እጅዎ ይለምደዋል።

ከመጽሐፍ በኩል ሬድማን፣ ስቲቨንሰንና ፋንሻው በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መለያ መጽሐፍ ከሥዕሎቹ ጋር ለመስክ የሚያህለው የለም። ኢትዮጵያዊው መሪድ ገብረሚካኤል ከክሌር ስፖቲስዉድና ከጁሊያን ፍራንሲስ ጋር በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ደግሞ ወፍ የት የት እንደሚታይ ያመለክታል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ናቸው። በስልክ ላይ መርሊን የሚባለው መተግበሪያ በፎቶና በመጠይቅ ያግዛል፤ ኔትዎርክ ሳይጠፋ የኢትዮጵያን ክፍል አስቀድመው ያውርዱ።

ከዚህ ሌላ ደብተርና እርሳስ፣ ውሃ፣ ቆሎ፣ ኮፍያና ጭቃ የሚችል ጫማ ይያዙ። በታኅሣሥ የጎሮ ንጋት ብርዱ አጥንት ይሰብራልና ጃኬት ይደርቡ። ነጭ ነጠላና ደማቅ ቀለም ቤት ይቅር፤ ወፎቹ ከሩቅ ያዩዎታል። መታወቂያዎን በምንም ምክንያት አይርሱ። ወደ ምክንያቱ በኋላ እመለሳለሁ።

ንጋት፦ ጎሮ

ከሌሊቱ 11፡30 ይነሡ፤ 12 ሰዓት ላይ ደጅ ይሁኑ። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት መነጽሩን አይንኩ፤ ያዳምጡ። ከሁሉ በፊት የሚሰማው ብዙ ጊዜ የጋጋኖ ጩኸት ነው፤ ሦስትና አራት ሆነው እየተንጫጩ ከአዳራቸው ወደ ሣር ሜዳ ይሄዳሉ። ጋጋኖን ሁሉም ያውቀዋል፤ ግን አንድ ቀን በመነጽር ይዩት። ከጉሮሮው ሥር የተንጠለጠለች ቆዳ አለችው፤ ሲበር በጥቁሩ ክንፉ ላይ ነጭ ሰሌዳ ይገለጣል። በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ካልሆነ በቀር የትም የለም። ከወንዝ ዳር ሣር ወይም ከኳስ ሜዳ ላይ መንቁሩን መሬት ውስጥ እየከተተ ትል ሲያወጣ ካገኙት አይቸኩሉ፤ ቅርብ የሚያስደርስ ወፍ ነው።

ቀጥሎ ጣሪያዎቹን ይመልከቱ። ግራጫ ሆና ማጅራቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያሰረችው እርግብም የእኛና የኤርትራ ብቻ ናት። የቤተ ክርስቲያን ጉልላትና ያላለቀ ፎቅ ትወዳለች፤ በተፈጥሮዋ የገደል ወፍ በመሆኗ ሲሚንቶው ገደል ይመስላታል። ሲነጋ በሰፈሩ ላይ ከሚያንዣብቡት ቁራዎች መካከል መንቁሩ እንደ መዶሻ የከበደ፣ ጫፉ ነጭ የሆነ፣ ከአንገቱ ኋላ ነጭ ምልክት ያለው ካዩ እሱም የዚሁ አገር ነው። ደረቱ ነጭ የሆነው ቁራ ግን ሌላ ዝርያ ነው፤ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይገኛል። በባሕር ዛፉና በጽዱ መካከል አረንጓዴ በቀቀኖች እየጮኹ ካለፉ መንቁራቸው ቀይ መሆኑን ይዩ፤ የወንዱ ግንባርም ቀይ ነው።

ግቢዎ ውስጥ አበባ ካለ ከፊቱ ይቁሙ። የአበባውን ወለላ የምትመጠው፣ መንቁሯ ቀጭንና ቆልመም ያለ ትንሽ ወፍ ሰንበርድ የምትባለው ናት። ከእነዚህ ትልቁ ወንድ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ወይን ጠጅና መዳብ ይሆናል፤ ጅራቱም በሁለት ረጅም ላባ ይወጣል። ተከዜ ሰንበርድ ይሉታል። የወንዛችንን ስም ይዞ በዓለም መጽሐፍ የተጻፈ ወፍ ነውና ልጆችዎን ቀስቅሰው ያሳዩአቸው።

በሰማዩ ላይ ጅራቱ ሹካ የመሰለው ጭላት ነው። ጅራቱ አጭር፣ ክንፉ ሰፊ፣ ፊቱ ራቁትና ሐምራዊ የሆነው ግን ትንሹ ጥንብ አንሳ ነው። ይህ ወፍ በቄራና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ ስለምናየው የትም የሞላ ይመስለናል፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። መርዝና ግድያ በምዕራብ አፍሪካ ክፉኛ አመናምኖታል። ሲያዩት ቁጥሩን ይጻፉ።

ሁለት ጥንቃቄዎች። የመጀመሪያው የሰፈር ውሻ ነው፤ በማለዳ ብቻዎን ወንዝ ለወንዝ አይሂዱ፣ ጓደኛ ይያዙ። ሁለተኛው ባይናኩላሩ ራሱ ነው። አይሲቲ ፓርክ፣ የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር፣ በኋላም ቢሾፍቱ ላይ የአየር ኃይል ግቢ አጠገብ መነጽር አያንሡ፤ ፎቶም አያንሡ። የጥበቃ ሰው ከጠየቀዎት አይበሳጩ፤ መታወቂያዎን ያሳዩ፣ ቀጥሎ የወፉን መጽሐፍ ይክፈቱለት። ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ሥዕሉ ይሠራል፤ ጥበቃውም በአካባቢው የሚያየውን ወፍ ራሱ ሊያመለክትዎ ይችላል።

ረፋድ፦ አቃቂና አባ ሳሙኤል

ከ1፡30 በኋላ ቁርስ ቀምሰው በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አቃቂ ይውረዱ። ከአዲስ አበባ ምሥራቅ የሚመጣው ትልቁ አቃቂና ከምዕራብ የሚመጣው ትንሹ አቃቂ የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ላይ ነው። ግድቡ ከአገራችን ቀደምት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ለረጅም ዓመታት ቆሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደገና ሥራ ጀምሯል። ውሃውና በዙሪያው ያለው ጨፌ ለወፎች እጅግ አስፈላጊ ተብለው በዓለም አቀፍ ደረጃ ከተመዘገቡት የኢትዮጵያ ቦታዎች አንዱ ነው።

እዚህ ሲደርሱ የሚያዩት ውሃ ንጹሕ አይደለም። የከተማችን ፍሳሽና የፋብሪካ ዝቃጭ ተጠራቅሞ የሚመጣው ወደዚህ ነው፤ እምቦጩም በዚሁ ማዳበሪያ ይፋፋል። እጅዎን አይታጠቡበት፤ በባዶ እግር አይግቡበት። ወፎቹ ግን ሌላ የሚሄዱበት ስለሌላቸው ይመጣሉ። ጎሮና ቦሌ ቡልቡላ ላይ የነበረው ጨፌ ቤትና መንገድ ሲሆን የተረፈው ረግረግ ይበልጥ ወደ ደቡብ ተገፍቷል፤ ስለዚህ እዚህ የሚያዩት እያንዳንዱ መንጋ መጠጊያው የጠበበበት መንጋ ነው። ይህን ቦታ ያቆሸሽነው እኛ ነን፤ ሽታውን ሸሽቶ ማለፍ ግን ያለውን ሕይወት አለማየት ነው።

የት መቆም እንዳለብዎ ፀሐይ ይወስናል። በረፋድ ፀሐይ በስተምሥራቅ ስለሆነች ምሥራቁ ዳር ላይ ሆነው ወደ ምዕራብ ይመልከቱ፤ ብርሃኑ ከጀርባዎ ሲመጣ ቀለሙ ሁሉ ይገለጣል። ተቃራኒው ዳር ላይ ቢቆሙ ሁሉም ጥላ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ትልልቆቹን ይለዩ። ነጭ ሆኖ ራሱና አንገቱ ጥቁር፣ መንቁሩ ቆልመም ያለው የጋጋኖ ዘመድ ነው። ከከብቱ ሥር የማይጠፋው ነጭ ሳቢሳ ነው፤ ከብቱ ሲረግጥ የሚበረግገውን ነፍሳት ይለቅማል። ራሱ መላጣ፣ ጉሮሮው ላይ ከረጢት ያንጠለጠለው አባ ኮዳ ነው። በእምቦጩ ቅጠል ላይ ሳይሰምጥ የሚራመድ ቡናማ ወፍ ካዩ ጣቶቹን ይመልከቱ፤ እጅግ ረጃጅም ስለሆኑ ክብደቱን ይበትኑለታል። ቀጥሎ ጭቃው ዳር ያሉትን ትንንሾቹን ይመልከቱ። ግራጫና ቡናማ ሆነው እየሮጡ መንቁራቸውን ጭቃ ውስጥ የሚከቱት ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ ለጀማሪ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። እነሱን በስም ለመለየት በመጀመሪያው ቀን አይጨነቁ፤ የእግራቸውን ቀለምና የመንቁራቸውን ርዝመት ብቻ ይጻፉ። በከብቱ መካከል ጅራቷን እያወዛወዘች የምትሮጥ ቢጫ ወፍም ከአውሮፓ ወይም ከእስያ የመጣች ናት።

ማሳ ሲያቋርጡ አስቀድመው ገበሬውን ሰላም ይበሉ። አብዛኛው ሰው አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ነው፤ «አካም ጅርቱ» ብሎ መጀመር፣ «ገለቶማ» ብሎ መጨረስ መንገድ ይከፍታል። የቆመ ጤፍ አይርገጡ። ወዴት መሄድ እንደሚቻልና እንደማይቻል፣ የአካባቢው ሁኔታስ እንዴት እንደሆነ በዚያው ይጠይቁ። ክሬኖቹ በዚያ ሰሞን የትኛው ማሳ ላይ እንደሚውሉም የሚያውቀው እሱ ነው።

ወፍ ለመለየት የሚረዳው ነገር ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው። መጽሐፉን ከመክፈትዎ በፊት ወፏ እስክትበር ድረስ ይመልከቷት። መጠኗ ከድንቢጥ፣ ከዋኖስ ወይስ ከቁራ ይቀርባል? መንቁሯ ምን ዓይነት ነው? ክንፏ ላይ፣ ጅራቷ ሥር፣ ዓይኗ ዙሪያ ምን ምልክት አለ? ምን እየሠራች ነው? ይህን ጽፈው ሲጨርሱ ብቻ መጽሐፉን ይግለጡ። ቀድሞ መጽሐፍ የገለጠ ሰው ወፏን ትቶ ሥዕሉን ያያል፤ ቀና ሲል ወፏ የለችም።

ቀትር፦ የቢሾፍቱ ሐይቆች

መኪና ያለው ከቱሉ ዲምቱ በአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ ቢሾፍቱ ይገባል። የሌለው ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ይይዛል፤ ቢሾፍቱ ውስጥ ከሐይቅ ሐይቅ ባጃጅ ይበቃል።

ቀትር ለዛፍ ወፍ የእንቅልፍ ሰዓት ነው፤ የውሃ ወፍ ግን ቀኑን ሙሉ ከፊትዎ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ ጉድጓድ ሲሆን ጥልቀቱ 87 ሜትር ያህል ነው። ገደሉ ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ ስለሚገባ እግረ ረጅም ወፍ የሚቆምበት ዳር ብዙ የለም፤ እዚህ የሚያገኙት ዋናተኛና ጠላቂ ነው። በገደሉ አፋፍ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ምሳ አዝዘው ከበረንዳው ቁልቁል ይመልከቱ። ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ነጭ የሆነው የውሃ ዶሮ ነው። ጠልቃ ሌላ ቦታ ብቅ የምትል ድብልብል ያለች ትንሽ ወፍ ካዩ ስንት ሰከንድ እንደቆየች ይቁጠሩ። ክንፉን ዘርግቶ ድንጋይ ላይ የቆመው ጥቁር ወፍ ኮርሞራንት ነው፤ ላባው ውሃ ስለሚገባው ዓሣ ካደነ በኋላ ማድረቅ አለበት።

ሆራ ዛፍ አለው፤ ስለዚህ ከምሳ በኋላ ጥላ ጥላውን ይዘው ዳሩን ይዙሩ። ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቀይ ቡናማ የሆነውን ዓሣ አዳኝ ንስር ብዙ ጊዜ ከማየትዎ በፊት ይሰሙታል፤ አንገቱን ወደኋላ ጥሎ ይጮኻል። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ በአየር ላይ እንደተሰቀለ ቆሞ ድንገት ይወረወራል። የባቦጋያንና የኩሪፍቱን ሐይቆች ለሌላ ቀን ይተዉአቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ጨዋማ ነው፤ ቀለሙን የሰጠው ስፒሩሊና የተባለው ደቂቅ ሕይወት ሲሆን ትንሹ ፍላሚንጎ የሚመገበው እሱን ነው። ፍላሚንጎዎቹ እንደ ውሃው ሁኔታ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፤ ጊዜዎ ጠባብ ከሆነ አይድከሙ።

አመሻሽ፦ ጨለለቃ

ከ9፡30 ጀምሮ ጨለለቃ ይሁኑ። ቀኑን ሙሉ ወደዚህ ሰዓት ነው የመጣነው። ጨለለቃ ከሌሎቹ ሐይቆች ጋር አንድ ዓይነት አይደለም፤ ጥልቀት የለውም፣ እንደ ዓመቱ ዝናብ ይሰፋል፣ ይጠባል፤ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ዳሩ በጣም ስለሚሸሽ ከመሄድዎ በፊት ቢሾፍቱ ውስጥ ይጠይቁ። ይህ ጥልቀት አልባነቱ ነው ለወፍ ገበታ ያደረገው፦ ሽመላው ቆሞ ያድናል፣ ዳክዬው ራሱን ብቻ ነክሮ ከሥር ይለቅማል፣ ትንንሾቹ ጭቃውን ይወጋሉ፣ ዝዩ ዳሩ ላይ ሣር ይግጣል።

አሁን ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስላዘነበለች ምዕራቡ ዳር ላይ ይቁሙ። ከውሃው ራቅ ብለው ዝቅ ይበሉ፤ ወፎቹ አንገታቸውን ቀና ካደረጉ በጣም ቀርበዋል ማለት ነው፣ ወደኋላ ይመለሱ። አንድ ጊዜ የበረገገ መንጋ ለሌሊት ብርድ ያጠራቀመውን ጉልበት በከንቱ ያወጣል። ለፎቶ ብሎ ማስበረር ነውር ነው፤ ልጆች ድንጋይ ሊወረውሩልዎ ቢነሡ በለዘበ ቃል ከልክለው መነጽሩን ይስጧቸው።

ክሬኖቹ ከማሳው የሚመለሱት ከ10፡30 በኋላ ነው። መጀመሪያ ድምፃቸው ይመጣል፤ እንደ መለከት የሚያስተጋባ፣ ከአድማስ ወዲያ የሚሰማ ድምፅ ነው። ከዚያ በመስመር ሆነው ይታያሉ፤ አንገታቸውን ወደፊት፣ እግራቸውን ወደኋላ ዘርግተው ይበርራሉ። አካላቸው ግራጫ ነው፤ አንገታቸው ጥቁርና ነጭ ሲሆን አናታቸው ላይ ቀይ አለ። ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ቀበሮ ወይም ጅብ ቢመጣ የውሃው ድምፅ ስለሚያነቃቸው ነው። ለመቁጠር አንድ በአንድ አይሞክሩ። አሥር ይቁጠሩ፣ አሥሩ በሰማዩ ላይ የያዘውን ቦታ ልብ ይበሉ፣ ከዚያ በዚያው መጠን መንጋውን እየሸነሸኑ ይገምቱ። ወጣቶቹ አንገታቸው ቡናማ ስለሆነ ከወላጆቻቸው ጋር ስንት እንደመጡ ለብቻ ቢጽፉ በዚያ ዓመት በሰሜን ምን ያህል እንደተዋለዱ ያመለክታል። ፈጽሞ ሳይጨልም ከዳሩ ይውጡ።

ማታ፦ መዝገቡ

ጎሮ ሲገቡ፣ ከመተኛትዎ በፊት፣ ደብተርዎን ያስተካክሉ። ቀን፣ ቦታ፣ ሰዓት፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ዝርያና ቁጥር ይኑረው። ያልለዩትን «ያልታወቀ» ብለው ከነምልክቱ ይጻፉት፤ ገምቶ ስም መስጠት መዝገቡን ያበላሻል። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚተዳደረው ኢበርድ የተባለ የወፍ መዝገብ በነፃ ይቀበልዎታል፤ የጎሮን፣ የአባ ሳሙኤልንና የጨለለቃን ዝርዝር ለየብቻ ያስገቡ፤ አንድ ላይ የተቀላቀለ ዝርዝር ለተመራማሪ አይጠቅምም።

ከዚያ በየወሩ ቢያንስ የጎሮውን ክፍል ይድገሙት፤ ያው መንገድ፣ ያው ሰዓት። ወደ ሐይቆቹ መሄድ ባይችሉ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የደጋውን የጫካ ወፍ ያሳይዎታል። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል፤ በጥር አካባቢ በመላ አፍሪካ በሚደረገው የውሃ ወፎች ቆጠራ የሚሳተፉበት መንገድ ካለ ይጠይቋቸው፤ ሲሄዱም ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ።